የቀሩትን የምትቆጥር ሴት

ስለ ሲስተር መዲና ከመጻፌ በፊት የሚጽፈው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ይመር እባላለሁ። ከሐይቁ በላይ፣ ከአምባሰል ግርጌ ባለው ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ፣ ጡረታ ወጥቼም ከካርድ ክፍሉ ያልወጣሁ ሰው ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። የአማቼ ቤት ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ነበር። ማንበብ የተማርሁት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ግማሹ ጋዜጣ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ አንገቴን እያጣመምሁ። ዛሬም ጽሑፍ ገልብጠው ቢሰጡኝ እንደ ውሃ አነበዋለሁ። ከከተማ የሚመጡትን ባለዲግሪዎች ሞክሬአቸዋለሁ፤ አንዳቸውም አይችሉም።

ጤና ጣቢያው ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜአለሁ። ሲከፈት ዘበኛ ሆንሁ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የታመመ ጊዜ ለሦስት ቀን ተካው ቢሉኝ፣ በሦስቱ ቀን ካርዶቹን ሁሉ አወረድሁና በጎጥ በጎጥ ደረደርኋቸው። ከዚያ በኋላ ከእኔ በቀር ካርድ የሚያገኝ ስለጠፋ እዚያው ቀረሁ።

ትልቁ ሥራዬ ግን ደብተሬ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በየቀኑ ሦስት ነገር ጽፌአለሁ፤ ሰማዩ እንዴት እንደዋለ፣ ቀኑ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ምን ቀን እንደሆነ፣ ስንት በሽተኛ እንደመጣ። አባቴ ክርስቲያን እናቴ ሙስሊም ስለነበሩ ሁለቱንም አቆጣጠር ከቤቴ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ሌላው የማያውቀውን አውቃለሁ። ሐምሌ ላይ አረም ሲደርስ አግዳሚያችን ባዶ ይሆናል፤ ወንፈል የገባ ሰው ተራውን ጥሎ አይመጣም። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲወጣ ወባ ይገባል። ግሸን ሲደርስ እግሩ የቆሰለና ቁርጭምጭሚቱ የዞረ መንገደኛ ይሞላናል። ኅዳር ማጭድ የቆረጠው ጣት፣ ጥር የሠርግ ሆድ ቁርጠት፣ በልግ ሳል ነው፤ ወንዙ ከሞላ ግን ሳሉም ከማዶ ይቀራል። ረመዳን ሲገባ ቀኑን ሙሉ ዝንብ እናባርራለን፤ በዒድ ማግስት በር ይሰብሩብናል። ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት በወረቀት ያሰፈረ የለም። ጧት ወደ ሐይቁ አየት አድርጌ «ዛሬ አሥራ አራት» ካልሁ አሥራ አራት ይመጣል።

ባለፈው መጋቢት፣ ጭጋጉ ሐይቁን ሸፍኖ፣ ዝናቡም ሳያባራ ባረፈደ ቀን፣ «ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት» ብዬ ጽፌ ተቀምጫለሁ። ሰዓዳ መጣች። ሰዓዳ ሐይቅ ከተማ የልብስ ሱቅ ያላት፣ ከጥቂት ዓመት በፊት እኛ ዘንድ ታክማ የዳነች ሴት ናት። ዣንጥላዋን ሳታጥፍ መስኮቱ ላይ ቆመች። በሽተኛ መስላኝ ካርዷን ልፈልግ እጄን ሰደድሁ።

«ጋሽ ይመር፣ ካርድ አይፈልጉ» አለችኝ። «ሲስተር መዲና ወደ አኺራ ሄዳለች። ትናንት ደሴ ቀበሯት።»

ተነሣሁ። ምን ልሠራ እንደተነሣሁ አላውቅም። ተቀመጥሁ፤ ደግሞ ተነሣሁ። የእሷን ካርድ ልፈልግ ነበር መሰለኝ፤ ካርድ ግን አልነበራትም፤ እኛ ዘንድ ስትኖር ታማ አታውቅም፤ ወይም ታማም አልተናገረችም። ሰዓዳ አብራኝ አለቀሰችና ሄደች። እኔ ወደ በሩ ወጣሁ፣ ተመለስሁ፣ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝናብ ሲዘንብ መቀመጥ አልችልም። ይህን የምጽፈውም እየተነሣሁ ነው።

ሲስተር መዲና ስትመጣ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ሁለት ነበራት፤ ለውስጥ ነጭ ጫማ፣ ለመንገድ ጥቁር ኮንጎ። ነጩን ስታጠልቅ እምብዛም አላየናትም። አጭር፣ ፊቷ ጠይም፣ ሻሽዋን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ቁጭ ማለት የማትችል ሴት ነበረች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሌሎቹ ነርሶች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እሷ በሩ ላይ ትቆምና በእስክሪብቶዋ መቃኑን ትመታለች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ዛሬም አለ።

በመጣች በሳምንቱ ስለ ደብተሬ ሰማች። ሌላው እንደሚያደርገው አልሳቀችም። ቆማ ገጽ በገጽ አነበበችው።

«ይኼን ሁሉ ብቻዎን ነው የጻፉት?»

«ማን አግዞኝ?»

«ዛሬስ ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

ማታ ላይ ቆጥራ መጣች። «አሥራ አምስት ነው ጋሽ ይመር። አንደኛው ሰማይዎን ሳያይ ነው ከቤቱ የወጣ።»

በሳቅ ሞትን። ከዚያ ወዲያ የየቀኑ ጨዋታችን ሆነ። እኔ እተነብያለሁ፣ እሷ ማታ ትቆጥራለች። ብዙ ጊዜ እኔ ልክ ነኝ፤ ይህን እሷም አልካደችም። ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ታስከትል ነበር፤ እኔንም ሁልጊዜ ያስቆጣኝ ነበር።

«መምጣት የነበረበትስ ስንት ነው?»

«ያልመጣ ሰው ምኑ ይቆጠራል፣ ሲስተር?»

«እንግዲያውስ የመጣውን አንቱ ቁጠሩ፤ የቀረውን እኔ።»

ደግሞ ትላለች፦ «ባዶ አግዳሚ ጤና አይደለም።» ሌሎቹ አግዳሚው ባዶ ሲሆን «ተመስገን» ይላሉ፤ እሷ ኮንጎዋን ትፈልጋለች። የጋውኗ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ የቀሩት ስም ነው። ዝናብ በጠና ቁጥር ወረቀቱ ይረዝማል። አንድ ቀን «ዝናብ ሲዘንብ ሰው ቤቱ ይቀመጣል፣ ደንብ ነው» ብላት፣ «ሕመሙም አብሮት ይቀመጣል» አለችኝ።

እንግዲህ ወደ ስሕተቴ ልምጣ። በሰባ ዓመት አንድ ሁለት ስሕተት ቢኖርብኝ ብዙ አይደለም፤ ይህኛው ግን ሰው ሊገድል ነበር።

ረመዳንና ሁዳዴ ተደራርበው በበልግ መካከል የዋሉበት ዓመት ነው። ሰዓዳ ያን ጊዜ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመጣ ሳል ይዛ መጣች፤ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። መድኃኒቱ የስድስት ወር ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር በየቀኑ እየመጣች በነርስ ፊት ትውጣለች። ቤታቸው ከላይ፣ ከወንዙ ማዶ ገደሉ ሥር ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። አንድም ቀን ሳትቀር ወር ከአምስት ቀን መጣች። ሥጋም ያዘች።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሲስተር መዲና ለሥልጠና ደሴ ሄደች። በረመዳን ዋዜማ የሰዓዳ አባት ሼህ ሙሄ ወደ መስኮቴ መጡ። እኩያዬ ናቸው፤ አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። ጋቢያቸው በጭቃ ተረጭቷል።

«ይመር፣ ይች ልጅ ልትጾም ነው።»

«ታማ?»

«ሸሪዓው ለበሽተኛ ፈቅዷል አልኋት። ማን ሊሰማኝ! ሦስት ረመዳን ለሰው ማፍጠሪያ ስሠራ አሳለፍሁ፤ ይኼን በአባቴ ቤት ሳልጾም አልቀርም አለችኝ። አልቅሳ ነው የምትነግረኝ። ኪኒኑ ደግሞ በቀን ነው፣ ያውም እዚህ ድረስ መጥታ። መንገዱንም እያየኸው ነው። ምን ይሻላል ትላለህ?»

በዚያች ሰዓት «ቆዩ፣ ተተኪዋን ነርስ ልጥራት» ማለት ነበረብኝ። ነርሷ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጣለች። ነገር ግን ጥያቄው ለእኔ ነው የመጣው፤ ይመር ደግሞ ተጠይቆ አላውቅም ብሎ አያውቅም። ደብተሬን ገለጥሁላቸው። ያለፈውን ዓመት ረመዳን በጣቴ አሳየኋቸው፤ ከዚያ ዒድን፣ ከዒድ በኋላ የተመለሱትን።

«ይኸውልዎ ሼህ ሙሄ፣ ደንቡ ይኼ ነው። ረመዳን ያስቀራቸዋል፣ ዒድ ይመልሳቸዋል። ከዒድ በኋላ ትምጣ።»

«አንተ ካልህ» አሉና መርቀውኝ ሄዱ። በዚያ ቀን ገጽ ላይ፣ በራሴ እጅ፣ «ሰዓዳ ሙሄ፣ ከዒድ በኋላ» ብዬ ጻፍሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የጻፍሁት።

ሲስተር መዲና ረመዳን በገባ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰች። ከሚኒባሱ እንደወረደች፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ የመድኃኒቱን መዝገብ ገለጠች።

«ሰዓዳስ?»

«ዝናቡ…» አልሁ።

እስክሪብቶዋ መቃኑን መታ። ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ቆመ። «ዘጠኝ ቀን!» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለዝናቡ። ኮንጎዋን አጠለቀች፣ መድኃኒቱን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተች፣ አንድ ሽቦው የተሰበረውን ዣንጥላዋን አነሣች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

«ጾመኛ ነሽ እኮ» አልኋት። «አሁን ከመንገድ መግባትሽ ነው። ነገ ጧት እንሂድ።»

«ነገ አሥር ይሆናል።»

ብቻዋን መላክ አልሆነልኝም፤ ተከተልኋት። ደግሞም እዚያ ቤት ምን እንደሚባል አውቃለሁና፣ ሳልኖር ከሚነገር ፊቴ ቢነገር ይሻላል ብዬ ነው። ወይም ቀድሜ መንገድ ላይ ልነግራት። ወንዙን ጉልበታችን ድረስ ገብተን ስንሻገር ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ የውሃው ጩኸት በላኝ። ዋልካው ላይ ስንወጣ ሁለተኛ ሞከርሁ፤ አዳልጧት ወደቀች፣ ሳነሣት ሳቀች፣ በሳቋ ላይ እንዴት ይነገራል? ወደ ኋላ ስዞር ሐይቁ ከሥር እንደ እርሳስ ገርጥቶ ተኝቷል።

በኪሴ ቆሎ ነበረኝ። ሁዳዴ ስለነበር ጧት አልቀመስሁም፤ የእኔ ሰዓት ግን ደርሷል። በእሷ ፊት መቆርጠም አፈርሁና እጄን ከኪሴ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። አየችኝ።

«ይብሉ ጋሽ ይመር። ቆሎ ሲቆረጠም መስማት ጾም አይፈታም።»

«አልራበኝም።»

«እጅዎ ግን ርቦታል።»

ሦስተኛ ልነግራት የነበረው ያን ጊዜ ነው። ቆሎ ቆረጠምሁ። አልነገርኋትም።

ስንደርስ ሰዓዳ ከምድጃው ጎን በተነጠፈ ቆዳ ላይ ግድግዳውን ተደግፋለች። በዘጠኝ ቀን ወር ከአምስት ቀን የሠራችው ሥጋ ረግፏል። ስትስል እጇን በሻሽዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ጫፉን ትሰውራለች። ሲስተር መዲና ጎኗ ተቀመጠችና የሻሹን ጫፍ ቀስ አድርጋ ፈታ አየችው። ደም ነበረበት።

«ሰዓዳዬ፣ ለምን ተውሽው?»

«አልተውሁትም፣ ሲስተር። ጋሽ ይመር ከዒድ በኋላ ነው ብለዋል። በደብተር አለ ብለው ለአባቴ አሳይተውታል።»

ሼህ ሙሄ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ምድጃው አየሁ። ሲስተር መዲና ግን ወደ እኔ አልዞረችም። በሰው ፊት ልታዋርደኝ ብትፈልግ መብቷ ነበር፤ እኔ ብሆን ኖሮ አደርገው ነበር። እጇ ብቻ እስክሪብቶ እንደያዘ ሰው ጉልበቷን መታ፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ጋሽ ይመር የሚያውቁት የሚመጣውን ነው» አለች። «የማይመጣውን የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ደሴ ነበርሁ።»

ከዚያ ሰዓዳን ጾሟን እንድታፈርስ ትለምናታለች ብዬ ጠበቅሁ። አልለመነቻትም። «ጾምሽን አፍርሺ ያለሽ የለም» አለቻት። «አባትሽ በሽተኛ ተፈቅዶለታል ብለውሻል፣ እውነታቸውን ነው፤ ጉልበት ሲያንስሽም ትሰሚያቸዋለሽ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ይኼ መድኃኒት ባዶ ሆድ ይወዳል። ከጾመኛ የባሰ ባዶ ሆድ ከየት ይመጣል?»

ሰዓዳ ልትስቅ ስትል ሳሉ ቀደማት።

«አዛን ሲል፣ በመጀመሪያው ውሃ ትውጪዋለሽ። ቴምር ትቀምሻለሽ፣ ምግቡን ትንሽ ታዘገያለሽ። በየቀኑ፣ በዚያችው ሰዓት። ሼህ ሙሄ ደግሞ እንደ እኔ ሆነው እስክትውጥ ያያሉ።»

«እንደ አንቺ? አፏን ከፍቼ?» አሉ ሼሁ።

«ምላሷንም አስነሥተው!»

አዛኑ ከታች መንደር ተሰማ። ሼህ ሙሄ ለእንግዳዋ ቴምር ዘረጉ። ሲስተር መዲና ተቀበለች፤ አልበላችም። በግራ መዳፏ ይዛው፣ በቀኟ ኪኒኑን አንድ በአንድ ለሰዓዳ ታቀብላለች። ቀኑን ሙሉ በሚኒባስ የመጣች፣ ወንዝ የተሻገረች፣ ዳገት የወጣች ጾመኛ ናት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሼሁ «አፍጥሪ እንጂ ልጄ፣ ማዘግየቱ ደግ አይደለም» ይሏታል። «እሺ» ትላለች፣ ዓይኗ ግን ከሰዓዳ ጉሮሮ አይነቀልም። አራተኛው ኪኒን ወረደ። ሰዓዳ አፏን ከፍታ አሳየቻት። ያን ጊዜ ሲስተር መዲና «ቢስሚላህ» ብላ ቴምሩን አፏ ውስጥ ከተተች።

ስለ እሷ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ መዳፍ ነው። ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መዳፍ አላየሁም።

እዚያው አድረን ጧት ወረድን። መንገዱን ሁሉ ትናገረኛለች ብዬ ስጠብቅ ስለ ባቄላ አበባ አወራችኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ግን ወደ ካርድ ክፍሉ ገባችና በሩን ዘጋች።

«ጋሽ ይመር፣ አምና ከዒድ በኋላ ተመለሱ ያሏቸውን ካርዳቸውን ያውጡልኝ።»

አምስት ካርድ አወጣሁ። ገና ተስፋ ነበረኝ፤ አምስት ትንሽ አይደለም።

«አሁን ደግሞ ረመዳን ሲገባ መድኃኒት ላይ የነበሩትን ሁሉ።»

ስምንት ሆኑ። አምስቱን ወደ ጎን አደረገች። ሦስት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«እነዚህስ?»

አወቅኋቸው። እያንዳንዱን ጎጥ አውቃለሁ፤ የደረደርሁት እኔ ነኝ። አንደኛው ወደ ቆላ ወርዷል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለውም። ሁለቱ ሞተዋል። የአንዱን ለቅሶ ደርሻለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ በልቻለሁ። ቤቴ ገብቼ ደብተሬን አውጥቼ «ደመና፣ ከሰዓት ካፊያ» ብዬ ጽፌአለሁ። ያ ሰው ከዒድ በኋላ ያልተመለሰው ሰው መሆኑን ግን ከሃያ ዓመት ደብተር ጋር ተቀምጬ አላየሁትም። የመጣውን ብቻ ስቆጥር ደንቡ ሁልጊዜ ልክ ነበር።

ሲስተር መዲና ማስመሪያ አነሣች። በደብተሬ ላይ ማንም አስምሮ አያውቅም። ከሦስቱ መስመር ጎን አራተኛ አሰመረችና ከላይ «የቀሩ» ብላ ጻፈች። ደሜ ፈላ። ደብተሩን ልነጥቃት እጄ ተነሣ። ሦስቱ ካርድ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ እጄን መለስሁ።

ከዚያ ወዲያ የሰዓዳን የሳምንት መድኃኒት ይዞ መውጣት የእኔ ሆነ። ማንም አላዘዘኝም። ሰውነቷ ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ሼህ ሙሄ «ምላሷንም አስነሥቻለሁ» እያሉ ይነግሩኛል። ልክ ረመዳን ሊወጣ ሲል ግን በልጉ በረታ። ሁለት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ወንዙ ሞላ። የሰዓዳ መድኃኒት ያን ዕለት ያልቃል። ሲስተር መዲና መቃኑን ስትመታ አረፈደች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፤ በመጨረሻ «ሼሁ ከማዶ መውረዳቸው አይቀርም» አለች። ስንወርድ እውነትም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከወዲያኛው ዳር ቆመዋል። በመካከላችን ቀይ ውሃ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል።

ሲስተር ፌስታሉን ከድንጋይ ጋር አሥራ ሰጠችኝ። «ወርውሩ እንግዲህ። ክንዴ ብረት ነው ሲሉ አይደል የከረሙት?»

ክንዴ ብረት ነው። ጥቂት ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፣ ተንደረደርሁ፣ ወረወርሁ። ከወዲያኛው ዳር አንድ ክንድ ሲቀረው ወደቀ። ውሃው አንዴ አሳየንና ዋጠው። የሰዓዳ ሳምንት በዓይኔ ፊት ሄደ።

ሲስተር መዲና እጇን ወደ ብብቷ ሰዳ ሌላ ጥቅል አወጣች።

«ሁለት ያደረግሁት ለምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። ኮንጎዋን አውልቃ፣ እግሯን ጭቃው ውስጥ ተክላ፣ በአናቷ ላይ አዙራ ለቀቀችው። ሼህ ሙሄ ጋቢያቸውን ዘርግተው ቀለቡት።

«አልሐምዱሊላህ! ሴት ናት ወይስ ወንጭፍ?» ብለው ጮኹ ከማዶ። «ይመር! ክንድህን ጡረታ አውጣው!»

እየሳቀች ተቀመጠች፤ ድንጋይ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ። ተቀምጣ ካየኋት ጥቂት ጊዜ አንዱ ነው።

ሰዓዳ መድኃኒቷን ጨረሰች። ያቋረጠችውን ለመተካት ተጨምሮባት፣ የመጨረሻውን መስከረም ላይ ዋጠች። አክታዋ ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሲስተር መዲናን ወደ ደሴ አዛወሯት። ስትሄድ ነጩን ጫማ አጠልቃ ነበር፤ አላማረባትም። በመስኮቴ በኩል እጇን አስገባችና «አራተኛዋን መስመር አደራ፣ ጋሽ ይመር» አለችኝ። «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ» አልኋት። ከዚያ ወዲያ በአካል አላየኋትም። ደሴ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ዛሬ ነገ ስል ነበር። ሳይመጡ ከቀሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ በወረቀቷ ላይ ስሜን ጽፋው እንደሆን አላውቅም።

እንግዲህ ይመር በዕድሜው የሠራው ይህ ነው።

ያለ መምህር አንብቤአለሁ፣ ተዘቅዝቆም ቢሆን።

ካርድ በጎጥ ደርድሬአለሁ። አሁን ኮምፒዩተር ገብቷል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወደ እኔ ነው የሚመጡ።

የበሽተኛን ቁጥር ከሰማይ አንብቤአለሁ፤ ዛሬም ከአንድ ሁለት አልስትም።

ሃያ ስድስት ደብተር ሞልቻለሁ። የመጨረሻዎቹ ደብተሮች አራት አራት መስመር አላቸው፤ በማስመሪያ፣ ቀጥ ያለ።

መድኃኒት በወንዝ ላይ ወርውሬአለሁ። ሰጥሟል።

«እኔ አላውቅም፣ ነርሷን ጠይቁ» ማለትን በስተርጅና ተምሬአለሁ፤ ከጋዜጣው ግድግዳ ይልቅ ይኼ አስቸግሮኛል።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ረመዳን በመጣ ቁጥር፣ መድኃኒት የጀመረው ሁሉ ነርሷ ባለችው መሠረት በማፍጠሪያው እንዲውጥ ቤት ለቤት ዞሬ አስታውሻለሁ። ማንም አላቋረጠም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አንድ አለ። ስሙ አራተኛው መስመር ላይ ነው፤ እሱንም አልሰረዝሁትም።

የበሩን መቃን በእስክሪብቶ መምታት ጀምሬአለሁ። አዲሶቹ ነርሶች ይሰለቻሉ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰው መምጣት ነበረበት። ሰባት መጡ። ሁለቱ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ዝናቡም አላባራም። ኮንጎዬን አጥልቄአለሁ። ነርሷ መድኃኒቱን አዘጋጅታ ስትሰጠኝ አንድ ጥቅል ነበር፤ ሁለት አድርጊልኝ ብዬ አስፈትቻታለሁ።